ወንድሜ እቤቱ ወደቀ፣ እኔ ሆስፒታል በር ላይ

ታላቅ ወንድሜ የሞተው በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። 41 ዓመቱ ነበር። ከ15 ወር በኋላ እኔም በዚያው የልብ ሕመም ወደቅሁ። እሱ የወደቀው ጅማ፣ ጊንጆ፣ እቤቱ ጓሮ ነበር። እኔ ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በር 30 እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ። እሱን ቀበርነው። እኔ ይኸው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ።

ይህን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ። የልጇ ነገር ሲነሳ እናቴ አትችለውም። ግን ያኔ የሠራናቸውን ስህተቶች ዛሬም በየሰፈሩ አያለሁ። በቅርቡ እንኳ መርካቶ መሃል አንድ ሰው ወድቆ ክብሪት ሲጫርለት አየሁ። ስለዚህ ልጻፈው።

ጋሼ ነበር የምንለው። አናጺ ነው፤ በርጩማና ወንበር ይሠራል። የሥራ ቦታው ጓሮ ካለችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበረች። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል። ሚስቱ የመላጊያው ድምፅ ድንገት ቀጥ ሲልባት ወጣች። በጎኑ ወድቆ አገኘችው። ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። ቤቴ ከእሱ ሁለት አጥር አልፎ ነው።

አንዱ «የሚጥል በሽታ ነው» አለ። ወዲያው ክብሪት ተጫረ፤ ጭሱ ወደ አፍንጫው ተያዘ። አንዷ ፊቱ ላይ ውሃ ረጨች። እኔ ራሴ በጥርሱ መሃል ማንኪያ ለማስገባት ታገልኩ። ጊዜው የኮሮና ስለነበር ለመጠጋት የፈሩም ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም። ጋሼ በየመሃሉ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ያሰማ ነበር። አፉን ከፍቶ አየር ይስባል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። «ተመስገን፣ እየተነፈሰ ነው» አልን። ከሁሉም ስህተታችን የከፋው እሱ ነው። ልብ ሥራዋን ስታቆም ሰውነት ለትንሽ ደቂቃ እንዲህ ያጣጥራል። ትንፋሽ አይደለም። ሰው ወድቆ ሲጠሩት ካልሰማ፣ ሲነቀንቁትም ካልነቃ፣ አተነፋፈሱም እንዲህ የተቆራረጠ ከሆነ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ተነሱ።

ባጃጅ ተጠራ። አጥፈን አስገባነው። ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር። በኮብልስቶኑ ላይ ስንናጥ «አይዞህ ጋሼ፣ ደረስን» እለዋለሁ። ሆስፒታል ስንገባ ከወደቀ 35 ደቂቃ ግድም ሆኖታል። ወጣቱ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀኝ «ደረቱን የተጫነው ሰው ነበር?» ብሎ ነው። ጥያቄው አልገባኝም። የወደቀ ሰው ደረት ለምን ይጫናል ብዬ አሰብኩ።

ለቅሶ ቤት ሁሉም የየራሱን አለ። ምች ነው ያለ አለ። ዓይን ነው ያለም አለ። እኛም ቀኑ ደርሶ ነው ብለን ተቀመጥን።

የገባኝ በ2013 ዓ.ም. ሰኔ 5 ምሽት ነው። ሰፈር ውስጥ ዲኤስቲቪ ቤት የአውሮፓ ዋንጫ እናያለን። ዴንማርክና ፊንላንድ፣ ኮፐንሃገን ላይ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው በግንባሩ ተደፋ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጓደኞቹ ዙሪያውን ቆመው ከለሉት። ሐኪሞች ደረቱን ተጫኑት፤ ማሽን አምጥተው በኤሌክትሪክ ልቡን መቱት። ዓይኑን ገልጦ ከሜዳ ወጣ። በዓመቱ ውስጥ ወደ እንግሊዝ ሊግ ተመልሶ ተጫወተ። እኔ ግን ያን ምሽት ጨዋታው ሲቀጥል አልቆየሁም። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ጋሼ የወደቀው ልክ እንደዚያ ነበር።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሊዮን ሜዳ ላይ ወድቆ የሞተውን ካሜሩናዊ ማርክ ቪቪየን ፎዬን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። 28 ዓመቱ ነበር። ሲመረመር የልብ ጡንቻው ያለ ልክ ወፍሮ ተገኘ። ይህ ሕመም በአብዛኛው በዘር ይተላለፋል። ዘሩን የያዘ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

ይህን አንብቤ ሳበቃ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ምንም። ሁለተኛው ትልቅ ስህተቴ ይኼ ነው። ጂረን፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማሳየት ተማሪዎች ይዤ ዳገቱን ስወጣ ዓይኔ ጨልሞብኛል፤ ልቤም እንደ ወፍ ክንፍ ተርገፍግፋለች። ድካም ነው አልኩ። ከቤተሰባችሁ ወጣት ሰው በድንገት ወድቆ ከሞተ፣ ወንድም እህቶቹና ልጆቹ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ ይነሡ። ነገ ዛሬ አትበሉ። በተለይ ሲሮጥ ወይም ሲደክም ራሱን የሚስት ልጅ ካላችሁ አትቆዩ።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. እናቴን ለደም ግፊት ክትትል ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ። ካርድ አውጥተን ስንመለስ ቀሚሷን ከጭቃ ላነሳላት ጎንበስ ማለቴን አስታውሳለሁ። ቀጣዩን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ተማሪ ሮጣ መጥታ ተንበርክካ ደረቴን መጫን ጀመረች። ሌላው አልጋ እየገፋ መጣ። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ልቤ በማሽን ተመታች፤ ሁለተኛው ላይ ተነሳች። በማግስቱ ስነቃ ከሁሉም ያመመኝ የጎድን አጥንቴ ነበር። ለሦስት ሳምንት ሳል እንኳ ያስጮኸኝ ነበር። ያቺ ልጅ አጥንት ይሰበራል ብላ ብትሳሳልኝ ኖሮ ዛሬ አልኖርም።

ሐኪሜ ጊዜ ወስዶ አስረዳኝ። በዚህ ዓይነቱ አወዳደቅ ልብ መጀመሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ጸጥ አትልም። ሥርዓት አጥታ ትንቀጠቀጣለች፤ ደም ግን አትረጭም። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ምት ያንን መንቀጥቀጥ ያቆመዋል። ያኔ ልብ የራሷን ምት መልሳ የመያዝ ዕድል ታገኛለች። ምንም ሳይደረግ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ደረት ከተጫነ ቁልቁለቱ ቀስ ይላል፤ ትንሽም ቢሆን ደም ወደ አንጎል ይደርሳልና።

የሒሳብ መምህር ነኝ። ይህን ቁጥር ይዤ እንቅልፍ አጣሁ። ሲሻለኝ ስልኬ ላይ ሰዓት እየያዝኩ ከቤታችን እስከ ሆስፒታሉ በባጃጅ ተመላለስኩ። በደረቁ ከሰዓት 14 ደቂቃ። በዝናብ 23። ባጃጅ ፈልጎ ማምጣቱና ሰው ማንሳቱ ሲጨመር የትኛውም ውጤት ከ20 ደቂቃ በታች አልወርድ አለኝ። በ7ም አባዙት፣ በ10ም፣ ለጋሼ የሚተርፍ ነገር የለም። እሱ ጥሩ አናጺ፣ ጤናማ የሚመስል ሰው ነበር። የጎደለው ቦታው ነው።

ሐኪም ባይሆንም ማንም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ትንሽ ማሽን አለ። ኤኢዲ ይሉታል። የእጅ ቦርሳ ያህላል። ሲከፈት ራሱ ያዛል፤ ደረት ላይ የሚለጠፉት ነገሮች የልብን ሁኔታ ያነብባሉ፤ ምት የማያስፈልገውን ሰው ማሽኑ አይመታም። በዓለም ላይ በኤርፖርቱ፣ በገበያ አዳራሹ፣ በስታዲየሙ ይሰቀላል። ሰው ግን በብዛት የሚወድቀው እቤቱ ነው። ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝና ስኮትላንድ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ልባቸው ድንገት የሚቆምባቸው ሰዎች በድሃ ሰፈር እንደሚበዙ፣ ማሽኖቹ ግን የሚያስፈልጉበት ቦታ ላይ እንዳልተቀመጡ አሳይተዋል። በሀብታም አገር እንዲህ ከሆነ የእኛን አስቡት። ግፊቱን ተለክቶ የማያውቅ ሠራተኛ ኮረት ሲያወርድ ይውላል፤ ማሽኑ ያለው ስብሰባ አዳራሽ ነው። ሲንጋፖሮች መንግሥት በሠራቸው የመኖሪያ ሕንጻዎች ሥር፣ ተራው ሰው በሚኖርበት፣ ሰቅለውታል። ይህን ሳነብ ቀናሁ፤ እውነቴን ነው።

በክረምቱ ዕረፍት ጅማን በእግሬ ዞርኩ። ፈረንጅ አራዳ፣ አጂፕ፣ ሂርማታ። ሰው በሚበዛበት በር ሁሉ እየገባሁ «የልብ ማስነሻ ማሽን አላችሁ?» እላለሁ። ብዙዎቹ መኪና የሚያስነሳ መሰላቸው። ከሰፈራችን ብዙም የማይርቅ አንድ ተቋም ውስጥ ግን አገኘሁ! ደስታዬ ረጅም አልነበረም። ማሽኑ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል። ዘበኛው ስለ ማሽኑ ሰምቶ አያውቅም። ተከፍቶ ሲታይ ደረት ላይ የሚለጠፈው ጊዜው ካለፈበት ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ መለጠፊያውም ባትሪውም የአገልግሎት ጊዜ አላቸው። የሚሠራ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ምልክት ይታያል። መሥሪያ ቤታችሁ ማሽን ካለው ዛሬውኑ ሄዳችሁ እዩት። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለም ጠይቁ። ቅዳሜ ማታስ?

ከዚያ ወደ እድራችን ሄድኩ። የወሩ ስብሰባ ላይ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እጄን አውጥቼ ሰብሳቢያችንን «ሃጂ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልናገር» አልኩ። እድሩ አንድ ማሽን እንዲገዛ ነበር ሐሳቤ። ርካሹ ያኔ ከ1 ሺህ ዶላር ብዙ አይወርድም ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያ ዋጋ በብር እጥፍ ግድም ሆኖ ነበር። ቁጥሩን ስናገር ቤቱ አጉረመረመ።

ገንዘብ ያዧ እትዬ ተነሱ። «ልጄ፣ አንተን ፈጣሪ አትርፎልናል፤ ደስ ብሎኛል። ወንድምህንም አልቅሰን ቀብረናል። ግን በዚህ ብር ስንት ሰው እንቀብራለን? ባለፈው ዓመት ብቻ ስንት ወላድ በሌሊት በባጃጅ አድርሰናል? ይኼ ማሽን ለእነሱ ምን ይሠራል?» አሉ።

መልስ አጣሁ። እቤት ገብቼም ሳስበው እትዬ ልክ ነበሩ። ለድሃ እድር 100 ሺህ ብር ሲገኝ መጀመሪያ የሚገዛው ይህ አይደለም። ያናደደኝ ሌላ ነው። የእኛ እድር ከማሽንና ከወላድ ማጓጓዣ መምረጥ ሲኖርበት፣ ያለው ማሽን ማንም ሳይነካው ተቆልፎ እያረጀ ነው። እዚህ ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ። መግዛቱን ትተን ያለውን ማስወጣት።

ሃጂ በእድሩ ማኅተም ደብዳቤ ጻፉልን። ሰባት ወር ተመላለስን። በመጀመሪያ «ይሰረቃል» አሉን። ቀጥሎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሆነ። የረዳን ሽማግሌ መላካችን ነው፤ ለሠርግና ለእርቅ እንደሚላከው ሦስት ሰው መርጠን ላክን። በመጨረሻ ማሽኑ ከቢሮ ወጥቶ ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ተስማሙ። አዲሱን መለጠፊያ ዱባይ የምትሠራ የሰፈራችን ልጅ ገዝታ ላከችልን፤ ወጪውን እድሩ ሸፈነ። ለዚህኛው እትዬም እጃቸውን አወጡ። ያው ማሽን እንግሊዝኛ ነበር የሚናገረው። እኔ ትእዛዙን በአማርኛ፣ አንድ ባልደረባዬ በአፋን ኦሮሞ፣ በትልቁ ጽፈን ከሳጥኑ ላይ ለጠፍን። እናንተም ብታደርጉት ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

ማሽኑ እስኪመጣ ግን እጅ መሥራት አለበት። ጡረታ የወጡ አንዲት ሲስተር ሰፈራችን አሉ፤ እሳቸውን ለመንን። የቡና ጆንያ በጨርቅ ጠቅጥቀን «ሰው» ሠራን። አሠራሩ ይህ ነው። ሰውየውን መሬት ላይ በጀርባው አስተኙ፤ ፍራሽ ላይ አይሆንም። የመዳፍን ሥር ደረቱ መሃል ላይ ማሳረፍ፣ ሌላውን እጅ በላዩ መደረብ፣ ክርን ሳይታጠፍ ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ወደ ታች መጫን፣ ከዚያ ደረቱ እስኪመለስ መልቀቅ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። አፍ ለአፍ መተንፈስ የምትፈሩ ከሆነ ለአዋቂ ሰው መጫኑ ብቻም ይጠቅማል። ስለሚያደክም በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ። እኛ ጮክ ብለን እንቆጥራለን፤ ግማሹ «አንድ፣ ሁለት»፣ ግማሹ «ቶኮ፣ ለመ»። ሲስተር «በምን ቋንቋ እንደምትቆጥሩ ግድ የለኝም፤ ብቻ አትቁሙ» ይሉናል።

እናንተ ስትጫኑ ሌላው 907 ይደውል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። አንዱ ወደ ማሽኑ ይሩጥ። አምቡላንስ ካልተገኘና መሄድ ግድ ከሆነ ፒክአፕ ፈልጉ። ባጃጅ ውስጥ ሰው ታጥፎ ደረቱ አይጫንም፤ ፒክአፕ ላይ ግን ተንበርክኮ መቀጠል ይቻላል። የሦስት ፒክአፕ ባለቤቶች ስልክ እድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋ አለ። ማሽኑ ሲደርስ ደረት ገልጣችሁ፣ ዝናብ ወይም ላብ ካለ አድርቃችሁ፣ ሥዕሉ እንደሚያሳየው አንዱን በቀኝ በኩል ደረት ላይ ከአንገት ግርጌ ካለው አጥንት ሥር፣ ሌላውን በግራ ጎን ከብብት ዝቅ አድርጋችሁ ለጥፉ። ሲመታ ማንም አይንካው። ወዲያው መጫኑ ይቀጥል። የወደቀችው ሴት ከሆነች ነውር ተብሎ ደረቷ ሳይገለጥ እንዳትሞት። ሴቶቹ ዙሪያዋን ነጠላ ይዘው ይከልሏት፤ እኛ ይህንንም ተለማምደናል።

የጋሼ ሚስት ልምምዱ ላይ ከኋላ ተቀምጣ ታይ ነበር። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተነሳች። ጆንያው ፊት ተንበርክካ እጇን ደረበች። ከመጀመሯ በፊት ቀና ብላ «ሲስተር፣ ይኼን ያኔ ባውቅ ኖሮ ይተርፍ ነበር?» አለች። ማንም አልተነፈሰም። ሲስተር አጠገቧ ተቀመጡ። «ሊተርፍ ይችል ነበር፤ ላይተርፍም ይችል ነበር። ያስተማረሽ ሰው አልነበረም። አንቺ ጥፋት የለብሽም» አሏት። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ተጫነች። ቀይሪ ስትባልም አልሰማችም። አሁን ሁለቱ ልጆቿ ተመርምረዋል። ትልቁ ላይ ምልክቱ ተገኝቷል፤ መድኃኒት ጀምሯል፤ ኳስ አቁሟል። አልቅሷል፣ ግን አለ።

እኔም መድኃኒቴን እወስዳለሁ። ደረት ውስጥ የሚቀበር፣ ልብ ስትስት ራሱ የሚመታ መሣሪያ አለ፤ ኤሪክሰን የተገጠመለት እሱ ነው። ለእኔም ያስፈልጋል ተብሏል። ዋጋው ለመምህር ደመወዝ የሚታሰብ አይደለም፤ ተራ እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያ ባለቤቴ መጫን ታውቃለች። የክፍሌ ተማሪዎችም ያውቃሉ። ብቻዬን ርቄ አልሄድም።

ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በዚያ ተቋም በር በኩል አልፋለሁ። የሌሊቱ ዘበኛ ከማደሪያው ብቅ ብሎ ግድግዳውን አየት ያደርጋል። ከዚያ እጁን አንስቶ «መምህር፣ አረንጓዴዋ በርታለች!» ይለኛል።